ሦስተኛው ዓመት ላይ የሚያልቅ ቡና

ጡረታ የወጣሁ ዕለት ጋቢ አለበሱኝ። ጋቢው ደግ ነው፤ ያንገበገበኝ ከዚያ በኋላ ያደረጉት ነው። «ለመምህርት አስካለ ክብር» ብለው የማሠልጠኛውን ትልቅ ስክሪን ከፈቱና፣ ሠልጣኞቹን ለሁለት ከፍለው እኔ የሠራሁትን የቡና ጌም ያጫውቷቸው ጀመር። የጥላ ዛፍ በተቆረጠ ቁጥር ማሽኑ «ትን» ይላል፣ ነጥብ ይጨምራል፣ ልጆቹ ይጮኻሉ። «ቁረጠው! ያን ትልቁን ቁረጠው ባክህ!» አለቃዬ እያጨበጨበ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «ስምሽ ተተክሎ ቀረ እኮ፣ አስካለ!» አለኝ። እኔ ጋቢዬን እስከ አፍንጫዬ ስቤ፣ ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ እያልኩ ነበር። ሰዉ እንባዬን የስንብት እንባ አድርጎ ፎቶ አነሣኝ።

ያን ጌም የሠራሁት እኔ ነኝ። አልክድም። መጀመሪያ የሠራሁት ግን ጌም አልነበረም። ይህን ልዩነት በስንት ስብሰባ ላይ ተናግሬ አንድም ሰው ስላልሰማኝ ነው አሁን ቁጭ ብዬ የምጽፈው። ማንበብ የማይፈልግ ይተወው።

እኔ የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ። ጅማ ስመደብ ቡና የማውቀው በስኒ ብቻ ነበር። ሥራዬ የልማት ሠራተኞችን ማሠልጠን ነው፤ የልማት ሠራተኛ ማለት ገበሬው ማሳ ድረስ ሄዶ «እንዲህ ትከል፣ እንዲህ ግረዝ» የሚል ሰው ነው። ሊሙ ሁለት ዓመት፣ ጌራ አንድ ክረምት፣ አጋሮ አራት ዓመት ሠርቻለሁ፤ የቀረውን ዕድሜዬን ጅማ ያለው ማሠልጠኛ በላው። ስለ ደመወዙ አታንሡብኝ። ስለ ጭቃውም።

ሥራ ያስተማሩኝ አባ ራያ ናቸው። የማሠልጠኛው የማሳ ቴክኒሺያን ነበሩ፤ የጅማ ሰው፣ ሰላት የማያሳልፉ፣ ጃንጥላቸውን በጋም ክረምትም የማይለዩ። ዲግሪ የላቸውም። ዲግሪ ያለን ሰዎች ግን ያለ እሳቸው አንዲት ችግኝ አናጸድቅም ነበር። አንድ ልማድ ነበራቸው፤ የጥላ ዛፍ ይቆረጥ ሲባል አስቀድመው ከዛፉ ሥር ምሳቸውን ይበላሉ። ቆሎም ይሁን ቅቅል ጎደሬ ይዘው ሄደው፣ ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ ቁጭ ብለው፣ ጥላው የትኛው ቡና ላይ እንደሚያርፍ እያዩ ቀስ ብለው ያኝካሉ። ከሰዓትም እዚያው ናቸው። «ከሥሩ ያልበላህበትን ዛፍ አትቁረጥ» ይሉ ነበር። አለቆች ስንት ጊዜ «ሰውዬው ምሳ ሲበላ ውሎ ይገባል» ብለው ከሰሷቸው መሰላችሁ! እሳቸው እቴ፣ ጆሮ ዳባ ልበስ።

ሌላው ነገራቸው ሣጥናቸው ነው። ከዋንዛ ሳንቃ የተሠራ፣ የአልጋ ያህል ስፋት ያለው፣ ባንድ ወገን ድንጋይ ተደግፎ ተዳፋት የሆነ። ቀይ አፈር ይሞሉታል፣ ከላይ የረገፈ ቅጠል ያለብሱታል። ሠልጣኙ የቡና ጭራሮ ይተክልበታል፤ ቅጠላም ቅርንጫፍ እንደ ጥላ ዛፍ ያቆምበታል። ዝናቡ በምስማር የተበሳሳ ጣሳ ነው። አባ ራያ ጣሳውን ይዘው ያዘንባሉ፤ አፈሩ ይሸረሸራል፣ ወይም ይይዛል። ከዚያ ሣጥኑ ሳምንት ሙሉ ፀሐይ ላይ ይቀመጣል። በየቀኑ መዳፋቸውን አፈሩ ላይ አኑረው ሙቀቱን ያያሉ፤ ሠልጣኙንም መዳፍህን አኑር ይሉታል። ልጁ «አለፍኩ ወይ፣ አባ ራያ?» ሲላቸው «እኔ ምን አውቃለሁ? ሰና ቦዳ ሆ?» ነው መልሳቸው፤ ከዚያስ በኋላ ማለታቸው ነው። ልጁ መልሶ ይተክላል፣ እንደገና ይዘንባል፣ እንደገና «ሰና ቦዳ ሆ?» ውጤት ስጡ ሲባሉ ለሁሉም እኩል ሰማንያ ይሰጡ ነበር። ሬጅስትራሩ ሊያብድ!

ማሠልጠኛው ውስጥ ኮምፒውተር ሲገባ ቀድሜ የተጠጋሁት እኔ ነኝ። የዚያን ጊዜው አለቃችን ደግ ሰው ነበር፤ «ካልሰበርሽው ሥሪበት» አለኝ። ፕሮግራም መጻፍ ከመጽሐፍ እየለቀምኩ ተማርኩና፣ ሦስት ዓመት ፈጅቼ የአባ ራያን ሣጥን ማሽኑ ውስጥ አስገባሁት። ስሙን «ማሳው» አልኩት። ስክሪኑ ላይ አንድ ተዳፋት መሬት አለ። እያንዳንዱ የቡና ተክል የራሱ ዕድሜ አለው፤ ዋንዛው፣ ብርብራው፣ ሰሳው እንደየቅጠሉ ጥላ ይጥላል። አንዱ ዓመት በሩብ ሰዓት ያልፋል። ጥላውን ብትቆርጥ ቡናው ብርሃን አግኝቶ ሁለት ሦስት ዓመት ከዐቅሙ በላይ ያፈራል፤ ከዚያ ጉልበቱን ጨርሶ ከጫፉ እየደረቀ ይወርዳል። ይህቺን ብቻ ለማስተካከል ስምንት ወር ፈጅቶብኛል። ነጥብ የለውም፣ አሸናፊ የለውም፣ ማለቂያም የለውም።

አባ ራያን ኮምፒውተሩ ፊት አስቀመጥኳቸው። መነጽራቸውን ጠርገው ረጅም ጊዜ አዩትና «ነፋሱ የታለ?» አሉኝ። ጨመርኩ። በሚቀጥለው ሳምንት «ጎረቤትሽ ዛፉን ቢቆርጥ ያንቺ ቡና ምን ይሆናል?» ጨመርኩ። «ለቀማ ላይ ሐዘን ቢገባስ? ሰው ለቅሶ ይቀመጣል፤ ቡናው ዛፉ ላይ ይደርቃል።» እሱንም ጨመርኩ። በመጨረሻ «የት ላይ ነው የሚያልቀው?» ብለው ጠየቁኝ።

«አያልቅም» አልኳቸው።

«ማሻ አላህ» አሉ። በሥራዬ ዘመን ሁሉ ከእሳቸው አፍ የሰማሁት ምስጋና ይኼው አንዱ ነው።

የዛሬ ልጆች ስክሪን ላይ የሚንቀሳቀሰውን ሁሉ ጌም ነው የሚሉት። ተሳስተዋል። ልጅ ሳለን ብይም ተጫውተናል፣ እቃቃም ተጫውተናል። ብይ ላይ የበላ አለ፣ የተበላ አለ፤ ሲያልቅ ወደ ቤት ነው። እቃቃ ላይ ግን ማን ያሸንፋል? ጭቃ ታቦኪያለሽ፣ ወጥ ትሠሪያለሽ፣ እንግዳ ይመጣል፣ «ልጅሽ» ይታመማል፣ ቤቱ ይፈርሳል፣ መልሰሽ ትሠሪዋለሽ፤ እናትሽ ካልጠራችሽ ማቆሚያ የለውም። ብይ የሚጫወት ልጅ ጉድጓዷን ብቻ ነው የሚያየው፤ ትክክልም ነው፣ ጨዋታው እሱ ነዋ። «ማሳው» እቃቃ ነበር። አንዱ ከሌላው ይበልጣል አላልኩም። ብይ አስተምሮ እቃቃ ተምረሃል ብሎ ሰውን ገበሬ ማሳ ላይ መላክ ግን ወንጀል ነው። ወንጀሉን የሠራሁት ደግሞ እኔ ነኝ።

ያ ደግ አለቃ ተዛወረና ሌላ መጣ። ክፉ አልነበረም፤ ሪፖርት ወዳድ ነበር። አንድ ቀን ክፍሌ ሲገባ ሠልጣኞቹ ዝም ብለው ስክሪን ሲያዩ አገኛቸው።

«ምን እየሠሩ ነው?»

«ሰሳው እስኪያድግ እየጠበቁ።»

«ማን እየመራ ነው?»

«ማንም አይመራም።»

«ታዲያ ማን እንደገባው በምን ልወቅ? አስካለ፣ እኔ እኮ ለበላይ የምልከው ቁጥር ያስፈልገኛል። ነጥብ አድርጊበት። በአንድ ክፍለ ጊዜ ይለቅ፤ አንደኛ የወጣው ይታወቅ፣ እናጨብጭብለት!»

አንድ ክፍለ ጊዜ ውስጥ የሚገባው ሦስት ዓመት ነው። ሦስት ለቀማ፣ በቃ። በሦስት ለቀማ ውስጥ ደግሞ ጥላውን የቆረጠ ሁሉ ያሸንፋል፤ ዕዳው የሚመጣው በአራተኛው ነዋ! ይህን ከእኔ በላይ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። እምቢ ማለት እችል ነበር። ሦስት ዓመት የፈጀሁበትን ሥራ በሁለት ቀን አበላሽቼ አስረከብኩ። «ከጨዋታው በኋላ የቀረውን በቃል አስረዳቸዋለሁ» እያልኩ ራሴን ሸነገልኩ። ከጨዋታው በኋላ ማን ቆሞ ይሰማል? አሸናፊውን ተሸክመው ወጥተዋል። እውነቱን ልናገርና፣ ጩኸቱ ደስ አለኝ። ዝምተኛ የነበረው ክፍሌ እንደ ስታዲየም ሆነ፤ ከአጋሮ፣ ከሊሙ፣ ከጌራ እየመጡ ጎበኙኝ፤ እድገትም አገኘሁ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይኼ ነው።

አባ ራያ ያኔ ጡረታ ወጥተው ሰቶ ሰመሮ የሚባለው ሰፈር ቤታቸው ነበሩ። ላፕቶፕ ይዤ ሄድኩና አሳየኋቸው። ሦስተኛው ለቀማ አልቆ ዋንጫው ብልጭ ሲል «ቀጥይበት» አሉኝ።

«እዚህ ላይ አለቀ እኮ፣ አባ ራያ።»

ላፕቶፑን ራሳቸው በቀስታ ከደኑትና «እናትሽ ደኅና ናቸው?» ብለው ጠየቁኝ። ከዚያ ወዲያ ስለ ሥራ አንድ ቃል አላወሩኝም። ስመላለስ ሻይ ያስቀዱልኛል፣ ይመርቁኛል፣ ሌላ ምንም። በዓመቱ ሞቱ። ቢቆጡኝ ኖሮ እስከ ዛሬ ይቀለኝ ነበር።

ነጂብ የሚባል ሠልጣኝ ነበረኝ። የጅማው ጅሬን ሰፈር ልጅ፣ ከተሜ፣ ፈጣን፣ ሰው ወዳድ። ጌሙን ሦስት ጊዜ አሸንፎ ከማሠልጠኛው የእውነት ዋንጫ ተሸለመ። ስልቱን እንደ ውሃ ጠጥቶታል፤ መጀመሪያ ትልቁን ሰሳ፣ ከዚያ ብርብራዎቹን፣ ዋንዛዋን መጨረሻ። ከአጋሮ ወጣ ብሎ አንድ የቡና ቀበሌ ተመደበና፣ እዚያ ወይዘሮ ሐሊማን አገኘ። ሐሊማ ከእኔ ጥቂት የምትበልጥ ባሏ የሞተባት ሴት ናት። ኑሮዋ ሁሉ አንድ ተዳፋት ላይ ያለ ቡና ነው፤ ከላዩ የቆሙት የጥላ ዛፎች የባሏ አባት የተከሏቸው። ነጂብ «እማማ ሐሊማ፣ ሦስት ዓመት ብቻ ይመኑኝ» አላት። በቅንነት ነው። እሷም ዋንጫውን አይታለች፤ መንግሥት የሸለመው ልጅ ነው ብላ ዛፎቹን አስቆረጠች።

ቡናው አፈራ። አፈራ ብቻ! ቅርንጫፉ በድጋፍ ቆመ። በሁለተኛው ዓመት ለቀማው ከመጀመሩ በፊት አለቃዬ «የሥልጠናችን ፍሬ» ብሎ ካሜራና ጎብኚ ሰብስቦ እኔንም ይዞኝ ሄደ። ሐሊማ ነጭ ሻሽ ጠምጥማ በር ላይ ተቀበለችን፤ ማርና ቅቅል ጎደሬ አቀረበችልን፣ ጎንበስ ብላ እጄን ልትስም ሁሉ ሞከረች። «አንቺ ነሽ አሉ ያስተማርሽው! አላህ ዕድሜ ይስጥሽ፣ መምህርት!»

ወደ ማሳው ገባሁ። ፍሬው ቀይ ምንጣፍ ነው፤ ቅጠሉ ግን ገርጥቷል። ጫፍ ጫፉ ላይ ያለው ቀንበጥ ራቁቱን ቀርቷል። ጎንበስ ብዬ መዳፌን አፈሩ ላይ ሳኖር ያቃጥላል። የቀረው አንድ ዓመት፣ ቢበዛ ሁለት ነው። ዐወቅሁት። ያኔ «ሐሊማ፣ ለከርሞ የሚይዘውን ፍሬ ግማሹን አራግፊ፣ ዛሬውኑ ጥላ ትከይ፣ ፈጥኖ የሚደርስ ነገር ሙዝም ቢሆን በመካከሉ አቁሚ» ብላት የተወሰነው ይተርፍ ነበር። ካሜራው ወደ እኔ ዞረ። ጋዜጠኛው «ምን ተሰማዎት?» አለኝ። «ደስ ብሎኛል» አልኩ።

ለነጂብ ብቻ፣ መኪናው ሲነሣ፣ «ጥላ መልሰህ ብታስተክላት ጥሩ ነው» አልኩት፣ እንደ ዋዛ።

«ቲቸር፣ እየቀለዱ ነው? ጥላ እኮ ነጥብ ይቀንሳል!» ብሎ ሳቀ። እኔም አብሬው ሳቅሁ። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። ውሸት ነው፤ ይነቅዛል፣ እኔ ውስጥ ነቅዞ ሸትቷል።

ሦስተኛው ዓመት እያሳሳቀ ወሰዳት። በአራተኛው ቡናው ከጫፉ መድረቅ ጀመረ፣ በአምስተኛው ከግማሽ በላዩ ማገዶ ሆነ። ሐሊማ ግማሹን ነቅላ ጫት ተከለች። ምን ታድርግ? ጫት ዓመታት አያስጠብቅም።

ነጂብ ሥራውን ለቆ ባጃጅ መንዳት ጀምሮ ነበር። አንድ ጧት ቦሳ አዲስ የሚባለው ሰፈር ያለው ቤቴ መጣና ከፌስታል ውስጥ ዋንጫውን አውጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠው። «ቲቸር፣ ይሄን የት ላድርገው? ቤቴ አላስተኛኝ አለ።» ተቀመጥ ስለው እምቢ አለ። «እርስዎ ያውቁ ነበር አይደል? የዚያን ቀን አፈሩን ሲነኩ አይቼዎታለሁ።» አዎ፣ አልኩት። ሻይ ልቅዳልህ ስለው በሩን ቀስ አድርጎ ዘግቶ ወጣ።

አለቃዬ ዘንድ ገባሁ። «ጌሙን እናንሣው።»

«አንድ ልጅ ስለተሳሳተ?»

«አልተሳሳተም። አሸነፈ።»

«አስካለ፣ ለጡረታሽ ምን ያህል ቀረሽ?» አለኝ፣ ለስለስ ብሎ። «በስልክ ሊወጣ ነው እኮ፤ ለየወረዳው ሁሉ።» ደብዳቤ ጻፍኩ። ማሳሰቢያ ጻፍኩ። የስብሰባ ቃለ ጉባኤ ላይ «ሐሳቡ ቀርቧል» ተብሎ ተመዘገበ። ወጣም። አሁን የአጋሮ መናኸሪያ ላይ አውቶቡስ የሚጠብቅ ጎረምሳ ስልኩ ላይ «ትን፣ ትን» ሲያደርግ እሰማለሁ።

ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ ያልተነካውን የድሮውን «ማሳው» በአሮጌ ላፕቶፕ ይዤ ሐሊማ ዘንድ ሄድኩ። ምን ፈልጌ ነው? ይቅርታ ልጠይቅ ነበር፤ ባዶ እጄን ይቅርታ ማለት አሳፍሮኝ ነው መሰለኝ። መጀመሪያ ስለዚያ ቀን ነገርኳት፤ ቅጠሉን ማየቴን፣ አፈሩን መንካቴን፣ ደስ ብሎኛል ማለቴን። ሁሉንም። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ሰማችኝ።

«ያ ረቢ» አለች። ነጠላዋን ከአፏ አውርዳ ደግሞ፣ «ማል ጎና፣ መምህርት። ምን ይደረጋል። ዛፉን የቆረጠው የእኔ መጥረቢያ ነው።» ብትረግመኝ ይሻለኝ ነበር።

ላፕቶፑን ከፍቼ ማሳዋን እሷ እንደነገረችኝ አስገባሁት፤ የደረቀውን፣ የተረፈውን፣ የተቆረጡትን ጉቶዎች። «አሁን አንቺ ትከይ» አልኳት። ገባት፣ ከሠልጣኞቼ ሁሉ በላይ ገባት። ላይኛው ጥግ ላይ ሰሳ አስተከለችኝ፣ ውሃ በሚወርድበት ብርብራ፤ የደረቀውን ቡና ከሥሩ አስጎነደለችኝ። ዓመቱ መሄድ ጀመረ። አንድም ነጥብ የለም። ሁለታችንም ስክሪኑ ላይ አፍጥጠናል።

«ስንተኛው ነው?»

«ሰባተኛው።»

«ጥላው ደረሰ?»

«ገና ነው።»

ተነሥታ ላሟን ውሃ አጠጥታ ተመለሰች። በአሥራ ሁለተኛው ሰሳው መዘርጋት ጀመረ። በአሥራ ሰባተኛው ተዳፋቱ በሙሉ ለምልሞ፣ ቡናው ከጥላው ሥር በልኩ አፍርቶ፣ ቅጠሉ ጥቁር አረንጓዴ ሆነ። እኔ ጅል፣ ከወንበሬ ተነሣሁ። «አየሽ! አየሽ ሐሊማ? ተመለሰልሽ እኮ!»

እሷ አውራ ጣቷን በጣቶቿ አንጓ ላይ እያሳለፈች ትቆጥር ነበር።

«እኔ አሁን ስንት ዓመቴ ነው?»

«ስልሳ አራት አላልሽኝም?»

«እዚህ ውስጥ ነው የምልሽ። እዚህ ላይ።» ስክሪኑን ነካችው።

«ሰማንያ አንድ» አልኩ፣ አሥራ ሰባቱን ደምሬ።

«አለሁ?»

ዝናቡን ሠርቻለሁ፣ ነፋሱን ሠርቻለሁ፣ የጎረቤት መጥረቢያና የለቀማ ሐዘን ሠርቻለሁ። የእያንዳንዷን የቡና ተክል ዕድሜ አንድ በአንድ ጽፌያለሁ። የገበሬውን ዕድሜ ግን አልጻፍኩም። በዚያ ሁሉ ዓመት አልታየኝም። ያ ሦስተኛው ዓመት ላይ የሚያልቀው ጌም ውሸታም ነው እያልኩ ስንት ሰው ጋር ተጣልቻለሁ፤ ለካ ይኼ የማያልቀውም የእኔ ነገር ሰው የለበትም።

«አላስገባሁሽም፣ ሐሊማ» አልኳት።

ስክሪኑ ላይ ያለውን ቀይ ቡና በጣቷ ዳሰሰችው። ልጆቿ አንዷ ዓረብ አገር፣ አንዱ አዲስ አበባ ናቸው፤ ተመልሰው እንደማይመጡ ነግራኛለች።

«ታዲያ ይኼን ማን ነው የሚለቅመው?» አለችኝ።

ከታች መንገዱ ላይ የጫት ነጋዴው ፒክአፕ ጡሩምባ ነፋ። ሐሊማ ጉልበቷን ይዛ ተነሣች፤ ያልታሰረ ጫት በሩ ጥግ ተከምሯል። ላፕቶፑን እንደተከፈተ ትቼው ከጎኗ ተንበረከክሁና፣ ነጋዴው ሳይሄድባት ጫቱን በኮባ አብሬያት አሰርኩ።